አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል

አጎቴ ይህን ታሪክ የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ ነው። ሞተሩ ተነሥቷል። መሰላሉ ሊነሣ ነው። ወደ ሮም የሚሄዱት ሁሉ ተሳፍረው አልቀዋል፤ አንድ ሰው ብቻ ጎድሏል። ዋሚ ቢራቱ ኳስ ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ናቸው። «በቃ፣ ሌላ ልጅ ጥሩ» ይባላል። ከክቡር ዘበኛ አንድ ቀጭን ወታደር ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ ይመጣል፤ ሻንጣ የለው፣ ስንቅ የለው። እዚህ ላይ ሲደርሱ አጎቴ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው ጉልበታቸውን መታ ያደርጉና፣ «ጫማ ሳያደርግ የሮጠው ለምን ይመስልሃል? ለመያዝ ጊዜ የት አግኝቶ!» ይላሉ።

ዳንግላ ያደግኩ ሰው ነኝና ይህን ወሬ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሊነሣ ሲል ስለሚቀር ተሳፋሪም ሆነ በሩጫ ስለሚደርስ ሰው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር አውሮፕላኑ ትንሽ ይርቃል። አንድ እንቁጣጣሽ ላይ እንዲያውም መንደርደር ከጀመረ በኋላ አስቁመውት ነበር።

ዘንድሮ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ደውሎ «ጳጉሜን 5 የሮም ድል 65ኛ ዓመት ነው፤ ስለ አበበ ቢቂላ አንድ ነገር ላክ» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ይኸው የአጎቴ አውሮፕላን ነው። ስለ አበበ ያልተባለ ምን ቀርቷል? በስሙ ስታዲየም አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ፊልም አለ። ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ተነሥቼ ስላልሄዱት ሰው ብጽፍስ አልኩ።

የታወቀውን ቶሎ ልበለው። አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ገባ። ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድናዊ የሆነው ኦኒ ኒስካነን በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በስፖርት ትምህርት ላይ ሲሠራ ቆይቶ ነበርና አሠልጣኙ እሱ ሆነ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የመጀመሪያ ተሳትፎዋን ያደረገችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን ሜዳሊያ አላገኘችም። ሮም ሁለተኛዋ ነበረች።

ዋሚ ቢራቱ ደግሞ ከአበበ በፊት የነበሩት ሯጭ ናቸው። የሱሉልታ ሰው፣ ወታደር፣ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የአገሪቱ ቁንጮ። (አበበን «አንተ» እያልኩ ዋሚን «አንቱ» ማለቴን አንባቢ ይታዘበኝ ይሆናል። አበበ በ41 ዓመቱ ስለሞተ በሁላችን አፍ ጎልማሳ ሆኖ ቀረ፤ ዋሚ ግን መቶ ዓመት ተሻግረው ሽማግሌ ሆነው ስላየናቸው «አንተ» ማለት አፍ ይይዛል።) የተወለዱት በ1909 ዓ.ም. ነው ይባላል። ስለዚህ ሮም ሲደርስ 43 ዓመታቸው ነበር ማለት ነው። ይህቺን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ።

ዋሚ ለምን ሮም አልሄዱም? አንደኛው መልስ የአጎቴ ነው፤ የአጎቴ ብቻም አይደለም፣ በዓለም ዙሪያ በስፖርት መጻሕፍት ሲገለበጥ የኖረ ነው። ዋሚ በእግር ኳስ ጨዋታ ቁርጭምጭሚታቸውን ተሰበሩ፣ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል አበበ በምትካቸው ገባ። ሁለተኛው፣ ስብራት የሚባል ነገር የለም፣ ታመው ነው የቀሩት የሚል ነው። ሁለቱም አበበን ተጠባባቂ ያደርጉታል።

ሦስተኛው ወሬ ከሁለቱ ጋር በቅጡ አይስማማም። እንደሱ ከሆነ አበበ ዋሚን ያሸነፈው ገና በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በጦር ኃይሎች ውድድር። ሕዝቡ ስታዲየም ቁጭ ብሎ በማራቶኑ መጨረሻ ዋሚ ይገባሉ ብሎ በሩን ያያል። ዋሚ የሉም። አንድ የማይታወቅ ልጅ ብቅ ይላል። ጥሩ ትዕይንት ነው፤ በጣም ጥሩ ስለሆነም ነው የምጠረጥረው። በጥንቃቄ የተጻፉት የአበበ ታሪኮች የመጀመሪያ ማራቶኑን የሚያስቀምጡት ከሮም በፊት በነበረው ክረምት፣ በ1952 ዓ.ም. ሐምሌ ገደማ ነውና። ያ ልክ ከሆነ የ1948ቱ በር ላይ ማንም ብቅ አላለም፤ ወይም ውድድሩ ማራቶን አልነበረም፤ ወይም ደግሞ ዓመቱ ተምታቷል። ሰው ዓመት ይረሳል። በበር የገባውን ግን አይረሳም።

አራተኛው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የቲም ጁዳ ነው። ስለ አበበ በጻፈው መጽሐፍ የአበበ ጉዞ የመጨረሻ ደቂቃ ውሳኔ ሳይሆን አስቀድሞ በዕቅድ የተያዘ ነበር ይላል።

ቀስ እያልኩ ወደዚህ ወገን ሄጃለሁ፤ አጎቴ ይቅር ይበሉኝ። የአበበ ሁለተኛ ማራቶን ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ ላይ የተሮጠ ሲሆን ጊዜው 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነበር። ቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። አስቡት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚዘል ከተማ ላይ፣ ትንፋሽ በሚያጥርበት አየር፣ የኦሊምፒኩን ሰዓት በአንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሚቀድም ልጅ አለህ። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ነው እቤት ትቶ አውሮፕላን የሚሳፈር? ኒስካነን ሰዓት የሚይዝ፣ እየመዘገበ የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ያንን 2:21 አይቶ አበበን ተጠባባቂ ያደርጋል ብዬ ለማመን አልቻልኩም።

ሌላም አለ። በዚያን ጊዜ አንድ አገር ለማራቶን ሦስት ሯጮች ማሰለፍ ትችል ነበር። ኢትዮጵያ ሮም ላይ ያሰለፈችው ሁለት ነው፤ አበበ ቢቂላንና አበበ ዋቅጅራን። ሦስት ቦታ ካለና ሁለት ሰው ከሮጠ፣ ዋሚ ቢድኑ አበበን ከቦታው የሚያነሣው ምንድን ነው? ማንም ማንንም አልተካም። ዋሚ ጤነኛ ቢሆኑ ሦስተኛ ሆነው አብረው ይሰለፉ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ፣ እንዲህ ቀላል ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቆጥረው መቅረቱ አስገርሞኝ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራሁ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሮም ውስጥ በካፒቶሊን ኮረብታ ሯጮቹ ተለቀቁ። የሮም ሙቀት ስለተፈራ ማራቶኑ ወደ ማታ ተደርጎ ነበር። አበበ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ነበረው። እግሩ ባዶ ነው፤ አጎቴ እንደሚሉት ጫማ ለመያዝ ጊዜ አጥቶ ሳይሆን፣ እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው። በባዶ እግር መሮጥ ለሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ፣ መለያውም 26 ቁጥር እንደሆነ ተነግሮታል። ራዲ ግን ያን ቀን የለበሰው 185 ነበር። ስለዚህ አበበ ከአንድ 185 ቁጥር ከለበሰ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሮጠ 26 ቁጥርን ወደፊት ሲፈልግ፣ ሲፈልግ መሸ።

ሲጨልም ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው ቆሙ። ይህ ነገር እኛን ካልሆነ ማንንም አያስደንቅም። ያ ምሽት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው የገቡበት፣ ብዙ ሰፈር ችቦ የሚበራበት ምሽት። ሮም ላይ ለአንድ ወታደር ችቦ ሲበራለት እዚህ ደግሞ ለዓመቱ ይበራ ነበር፤ ማንኛውም ስለሌላው አላወቀም።

መጨረሻው አካባቢ ከመንገዱ ዳር የአክሱም ሐውልት ቆሟል። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ነቅሎ ወስዶ፣ በዚያን ጊዜ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር በተሠራው ሕንፃ ፊት ያቆመው ነው። አበበና ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ ይህን ቦታ መርጠውት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የሚወስደው የመጨረሻው ጥቂት መንገድ ነው። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ አበበ ተፈተለከ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። ከሁለት ዓመት በፊት ሩሲያዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ካስመዘገበው የዓለም ፈጣን ሰዓት የሚበልጠው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ነው። ራዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ፤ የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ሦስተኛ። አበበ ዋቅጅራ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ እሱን ግን ማን ያነሣዋል? በእኛ ሰዓት ለምሽቱ አራት ሩብ ጉዳይ ነበር። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተኝቷል።

ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አክሱም ላይ ዳግም የቆመው በ2000።

ከዚህ በኋላ የአበበ መንገድ ይታወቃል። ቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፤ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ አምስት ሳምንት በኋላ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ሌላ የዓለም ፈጣን ሰዓት፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት የመኪና አደጋ። ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበር የቀስት ውድድር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ።

የዋሚ መንገድ ግን ፎቶ የለውም። ሮጡ፣ አሸነፉ፣ አረጁ፤ ከሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ «የመጀመሪያው» እያሉ አከበሯቸው፤ መቶኛ ዓመታቸውም ተከበረላቸው። የቀረ ሰው ታሪክ እንዲህ ነው፤ በወረቀት አይያዝም። ዳንግላን ውሰዱ። በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺስማን የዓባይን ሸለቆ እየተዘዋወረ አጥንቶ መጽሐፍ ጻፈ። ስለዚህ ቺስማን ዛሬም አለ። በቅሎውን የጫነለት፣ ድንኳኑን የተከለለት፣ ወንዙን ያሻገረው የዳንግላ ሰው የት አለ? ከርዕሴ ወጣሁ መሰለኝ።

ስለ ተጠባባቂዎች ካነሣን ግን አንድ የሩቅ አገር ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ዋናው ሰው ኳስ ወርዋሪው ነው፤ ክንዱ ሲዝል ከተቀመጠበት ተጠርቶ የሚገባ ሌላ ወርዋሪ አለ። ድሮ ይህ ሰው የዳር ዕቃ ነበር፤ ወይ ያረጀ፣ ወይ ጀማሪ። በፈረንጆቹ 1908 የኒውዮርክ ጃይንትስ ቡድን ኦቲስ ክራንዳል የሚባል ልጅ አስገባ፤ አሠልጣኙ ጆን ማግሮው ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ እየጠራ ያስገባው ጀመር። «ዶክ» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ሐኪም ማለታቸው ነው፤ ሕመምተኛው ሊያልፍ ሲል የሚጠራ። እስከ 1913 ድረስ እዚያው ቡድን በዚያ ሥራ ታወቀ። ነገር ግን ያዳናቸውን ጨዋታዎች የሚቆጥርለት መዝገብ አልነበረም። በቤዝቦል «አዳነ» የሚባለው ቁጥር ይፋ የሆነው በ1969 ነው። የክራንዳልን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ነው የቆጠሩለት። እኛ ዘንድ ዋሚን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆጥር መዝገብ ምን ዓይነት እንደሚሆን ለማሰብ ሞክሬ ነበር፤ አልመጣልኝም። ያልሮጡት ማራቶን በምን ይለካል?

ይልቅ የገረመኝ፣ የእኛ ማራቶን እንዲህ እየተቀባበለ መምጣቱ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አበበ እግሩን ታሞ ተሰለፈ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከማቆሙ በፊት ማሞ ወልዴን ጠርቶ እሱ መቀጠል እንደማይችል፣ አደራው በማሞ ላይ እንደሆነ ነገረው፤ ይህን ማሞ ራሱ በኋላ ተናግሮታል። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። ያቺን 43 ቁጥር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። «ዋሚ ለሮም አርጅተው ነበር» የሚሉ አሉ፤ የማሞን 40 ሳይ እንዲህ በቀላሉ መናገር ይከብደኛል።

እንጅባራ ላይ ሌላ ዓይነት ተጠባባቂ አለ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጣልያን ገና ከአገር ያልወጣበት፣ ሐውልቱም ሮም ቆሞ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘበት ጊዜ ነው። አባላቱ በዓሉን አድዋ ከዘመቱት ፈረሶች ጋር ያያይዙታል። አንድ ዓመት በዓሉን ለማየት በማለዳ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከዘንገና በኩል ጉሙ ገና አልተነሣም። አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ጭነዋል፤ ግላሱ ቀይና ቢጫ፣ ዛቡ አዲስ፣ ልጓሙ ተወልውሎ ያበራል። ከኋላቸው አንድ ልጅ ሌላ ፈረስ ይስባል፤ ኮርቻ የለው፣ ጌጥ የለው፣ ጭቃ የነካው ቡላ ፈረስ። ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ጠየቅኩ።

«ይሄኛው ቢያነክስስ?» አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ከየት መጣ በሚል ዓይን እያዩ።

«አንክሶ ያውቃል?»

«አያውቅም። ይሄኛውም ግን በየዓመቱ ይመጣል።»

ጉግሱ ሲጀመር ልጁ ቡላውን አንድ ዛፍ ሥር አስሮት ሄደ። ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ፣ የሚጋልቡትን በዓይኑ እየተከተለ፣ መሬቱን በፊት እግሩ ይቧጥጥ ነበር። እኔ የዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ እሱን ነው የማስታውሰው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቡላው እዚያው ዛፍ ሥር ነበር፤ የቧጠጠው መሬት ጉድጓድ ሆኗል።

ለወጉ ያህል ወደ ዛሬ መምጣት አለብኝ፤ ዘንድሮ ግን መምጫው ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተመረጡት ቀነኒሳ በቀለ፣ ደሬሳ ገለታና ሲሳይ ለማ ነበሩ፤ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ። ሲሳይ የዚያን ዓመት የቦስተን ማራቶን አሸናፊ ነው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ተጎዳ፤ ቦታውን ለታምራት ለቀቀ። ነሐሴ 4 ታምራት የቬርሳይን ዳገት ብቻውን ወጥቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደ። ሲድኒ ላይ ገዛኸኝ አበራ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያችን ነው። ከውድድሩ በኋላ ታምራት፣ ሲሳይ ዕድሉን እንደሰጠው አልደበቀም። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ቀኑ ተጽፏል፣ ማን በማን እንደተተካ ተጽፏል፣ አውሮፕላኑም አልተቸገረም።

ጽሑፉን ልልክ ስል ዳንግላ ደወልኩ። ለአጎቴ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። አውሮፕላኑ የለም፣ ቢኖርም አልጠበቀም። አበበ አስቀድሞ ተመርጦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሮጠውን ሰዓት ነገርኳቸው። ጫማውንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ትልቁን ማስረጃዬን አወጣሁ፤ «አየህ ጋሼ» ብዬ ጀምሬ በስሜት «አየህ» ማለቴ ራሴን አስደንግጦኝ «ይዩ ጋሼ፣ ለአንድ አገር ሦስት ሯጭ ይፈቀድ ነበር፤ የሮጡት ሁለት ናቸው። ስለዚህ አበበ የማንንም ቦታ አልወሰደም» አልኳቸው።

በስልኩ ውስጥ የክረምቱ የመጨረሻ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። አጎቴ ዝም አሉ። የተረቱ መሰለኝ።

«ሦስት ይፈቀድ ነበር አልክ?»

«አዎ።»

«የሮጡት ሁለት።»

«ሁለት።»

«ታዲያ ልጄ» አሉ፣ «ሦስተኛው ቦታ የማን ነበር?»